በአልትራሶኒክ መሣሪያ የሚሠራ የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና፦ ከምክክሩ ቀን እስከ ዓመቱ ድረስ

ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። «አልትራሶኒክ» ሲባል የነፍሰ ጡር ምርመራ የሚደረግበት አልትራሳውንድ ትዝ ይላቸውና፣ ቆዳ ሳይከፈት፣ ደም ሳይፈስ፣ በድምፅ ሞገድ ብቻ አፍንጫ የሚስተካከል የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ይህ ሙሉ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ማደንዘዣ አለው፣ ቢላ አለው፣ ስፌት አለው። የተለወጠው አጥንቱ የሚቆረጥበትና የሚሞረድበት መሣሪያ ነው። ቀድሞ በመሮና በመዶሻ ይሠራ የነበረው አሁን በሚርገበገብ ትንሽ መጋዝ ይሠራል።

ይህን ልዩነት ከመነሻው ያልያዘ ሰው ኋላ ይከፋዋል። ጣትዎን ከሁለቱ ዐይኖችዎ መካከል ጀምረው በአፍንጫዎ ጀርባ ላይ ወደ ታች ያንሸራትቱ። መጀመሪያ ጠንካራ ነው፤ ሲሶውን ያህል እንደወረዱ ጥንካሬው ያበቃና የሚታጠፍ፣ የሚለጠጥ ነገር ይጀምራል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ፣ የአፍንጫውን ጫፍ ጨምሮ፣ ካርቲሌጅ ነው። አልትራሶኒኩ መሣሪያ ዋጋ የሚያወጣው በላይኛው ሲሶ ነው። ጫፉ በቢላ፣ በክርና በካርቲሌጅ ቁራጭ ነው የሚሠራው፤ ድሮም እንዲሁ ነበር። ስለዚህ ቅሬታዎ ጫፉ ሰፋ ወይም ወደ ታች ወደቀ የሚል ብቻ ከሆነ፣ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ቃል ለእርስዎ የሚጨምረው ነገር እምብዛም የለም።

መሣሪያው ምን ያደርጋል

አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ይህን በ1880 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። እዚህ የሚሠራው ተቃራኒው ነው፦ በመያዣው ውስጥ ላሉት ክሪስታሎች ኤሌክትሪክ ሲለቀቅላቸው ይኮማተራሉ፣ ይለጠጣሉ፤ ያም ንዝረት ጫፉ ላይ ወደተገጠመው የብረት ምላስ ይተላለፋል። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ25,000 እስከ 30,000 ጊዜ ገደማ ነው። እያንዳንዱ ንቅናቄ ግን በማይክሮሜትር የሚለካ ነው፤ ከጥቂት የፀጉር ክሮች ውፍረት አይበልጥም። ሐኪሞቹ ባጭሩ «ፒዬዞ» ይሉታል። በጥርስና በመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ሥር የሰደደው ቀድሞ ነው፤ ለዚያ የደከመው ቶማሶ ቬርቸሎቲ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ነው። ወደ አፍንጫ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አጥንት ደረቅ ስለሆነ ከንዝረቱ ጋር አብሮ አይሄድም፤ ስለዚህ ይፋቃል፣ ይቆረጣል። ቆዳ፣ የደም ሥርና የአፍንጫው የውስጥ ሽፋን ግን ለስላሳ ናቸው፤ ምላሱ ሲርገበገብ አብረውት ይርገበገባሉ እንጂ አይቆረጡም። እነሱን ለመቁረጥ ከ50,000 በላይ የሆነ ንዝረት ያስፈልጋል። ሐኪሞች ሲለማመዱ ጥሬ እንቁላል ላይ ይሞክሩታል፦ ቅርፊቱን በመስኮት ቅርጽ ቆርጠው ያነሡና ከሥሩ ያለችውን ስስ ነጭ ሽፋን ሳይቀዷት ያሳያሉ። መሮ በያዘ እጅ ይህን መሥራት ከባድ ነው።

መሮ በመዶሻ ሲመታ አጥንቱን የሚከፍለው በመሰንጠቅ ነው። ስንጥቁ የት ሄዶ እንደሚያቆም በከፊል አጥንቱ ራሱ ይወስናል፤ በመንገዱ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮችም አብረው ይቀደዳሉ። «አፍንጫ ሲመታ ዐይን ያለቅሳል» የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፦ የሚፈሰው ደም ልል ወደሆነው የዐይን ሥር ቆዳ ይወርድና ዙሪያው ይበልዛል። ፒዬዞው መስመሩን ሐኪሙ ባሰበው ቦታ ይቆርጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠቱና መበለዙ ቀነስ የሚለውም ለዚህ ነው። ቀነስ ይላል እንጂ አይቀርም፤ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ሁለቱን መንገዶች በዐይን መለየት ያስቸግራል።

የራሱ ጣጣም አለው። ንዝረት ሙቀት ይፈጥራል፤ የአጥንት ሙቀት 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከቆየ ሕዋሳቱ ይጎዳሉ። ለዚህ ሲባል ከምላሱ ላይ ንጹሕ የጨው ውኃ ሳያቋርጥ ይፈስበታል። መሣሪያውን ጫን ማለትም አያፈጥነውም፤ ጭነቱ ንዝረቱን ያፍነውና ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይቀየራል። በመሮ የለመደ እጅ መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሌላው ስሕተት ሐኪሙ ዐይኑን አጥንቱ ላይ ተክሎ ሳለ የጋለው የብረት ዘንግ የአፍንጫ ቀዳዳውን ጠርዝ ተደግፎ ቆዳውን ማቃጠሉ ነው። ቆዳው በእርጥብ ጎዝ ወይም ወደ ጎን ስቦ በሚይዝ መሣሪያ ካልተከለለ ትንሽ ጠባሳ ይተዋል።

ደግሞ መጋዙ ቦታ ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫው ከፊት ተከፍቶ፣ ቆዳውም አጥንቱን የሚያለብሰው ስስ ሽፋንም ሰፋ ተደርጎ መነሣት አለበት። በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡ ቀጫጭን ምላሶች አሉ፤ በእነሱ መሥራት ግን የሁሉም ሐኪም ልምድ አይደለም። ሰፊ መነሣቱ አጥንቱን በዐይን ለማየት ያስችላል፤ በዚያው ልክ ቆዳው ተመልሶ እስኪጣበቅ ጊዜ ይወስዳል። በመሮ ከሚሠራው ይልቅ ሰዓቱም ረዘም ይላል።

ይበልጥ የሚጠቅመው ለማን ነው? አጥንቱ ላይ ጉልህ ጉብታ ላለው፣ በአደጋ ተሰብሮ ተጣምሞ ለተገጠመ አፍንጫ፣ አንዱ ጎን ቀጥ ያለ ሌላው የጎበጠ ሲሆን፣ አጥንቱ ስስና ተሰባሪ ለሆነ በዕድሜ ለገፋ ሰው፣ እንዲሁም ቀድሞ ለተሠራና ለሚታረም አፍንጫ። በእነዚህ ላይ መዶሻ ማንሣት ሁልጊዜ ሥጋት አለው። አፍንጫው ጎራዳ ሆኖ ጀርባው ከፍ እንዲል የሚፈልግ ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው መጨመር ነው። ዋናው ሥራ ከራሱ ካርቲሌጅ ወስዶ መትከል ስለሚሆን የመጋዙ ድርሻ ትንሽ ነው።

በምክክሩ ቀን

ጥሩ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ትንፋሽዎ ነው። አፍንጫ ሲጠብ የአየር መንገዱም ሊጠብ ስለሚችል፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረውን ሳያውቁ መግባት ስሕተት ነው። በራስዎ የሚሞክሩት ቀላል ነገር አለ፦ ከአፍንጫዎ ጎን ያለውን ጉንጭ በሁለት ጣት ወደ ጆሮዎ ሳብ አድርገው በዚያ ቀዳዳ ይተንፍሱ። በጣም ከቀለለዎት የውስጡ መተላለፊያ ጠባብ ሊሆን ይችላል። ይህ ቦታ የ10 እስከ 15 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ቀጭን ስንጥቅ ስለሆነ ትንሽ መጥበብም ያስታውቃል። ጉብታ ሲነሣ ይበልጥ እንዳይዘጋ በግራና በቀኝ ቀጫጭን የካርቲሌጅ ዘንጎች ይገባሉ። ሐኪሙ ይህን ካላነሣ እርስዎ ያንሡት።

ቀጥሎ ቆዳዎን ይነካል። ቀጭን ቆዳ ሥራውን ሁሉ ያሳያል፤ አጥንት ላይ የቀረች የሩዝ ፍሬ የምታህል ሸካራ ነገር እንኳ ከዓመት በኋላ ትታያለች። ፒዬዞ ጠርዞችን አለስልሶ ስለሚጨርስ ለእነዚህ ሰዎች ጥሩ ነው። ወፍራምና ቅባታም ቆዳ ግን በተቃራኒው ይደብቃል፦ ሥሩ ያለው ቅርጽ የቱንም ያህል ሰልካካ ቢሆን ከላይ የሚታየው ደብዘዝ ያለ ነው፤ እብጠቱም ቶሎ አይለቅም። ወፍራም ቆዳ ላለው ሰው ቀጭን ሹል ጫፍ ቃል የሚገባ ሐኪም ካጋጠመዎት ይጠርጥሩ።

ፎቶ ከፊት፣ ከሁለቱ ጎኖች፣ ፊት በከፊል ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞሮ እንዲሁም ከሥር ይነሣል። በኮምፒውተር ተስተካክሎ የሚያዩት ምስል መነጋገሪያ ነው፤ ውል አይደለም። በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር መካከል ያለው ማዕዘን በሴቶች ከ95 እስከ 110 ዲግሪ፣ በወንዶች ከ90 እስከ 95 አካባቢ ሲሆን ለዐይን ይስማማል ይባላል። ግን ቁጥሩን ይዞ ከመሄድ የራስን ፊት ይዞ መሄድ ይሻላል። የሌላ ሰው ፎቶ ካሳዩ ሐኪሙ ምን እንደወደዱለት እንዲገባው ብቻ ይሁን።

ሳይጠይቁ እንዳይወጡ የሚገባው ይህ ነው። መሣሪያውን በየትኛው የአፍንጫዬ ክፍል ላይ ነው የሚጠቀሙት? አጥንቱን ዝቅ ለማድረግ ነው፣ ጎኖቹን ለማጥበብ ወይስ ለመሞረድ ብቻ? ካርቲሌጅ ካስፈለገ ከየት ይወሰዳል፦ ከአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ፣ ከጆሮ ወይስ ከጎድን አጥንት? ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማነው? እርማት ቢያስፈልግ ወጪውን ማን ይሸከማል? የቀድሞ ታካሚዎችን ፎቶ ሲያዩ ደግሞ ዓመት የሞላቸውን፣ ቆዳቸው የእርስዎን የሚመስሉትን ይጠይቁ። የሦስት ሳምንት ፎቶ ስለ አፍንጫው የመጨረሻ ቅርጽ የሚነግረው ጥቂት ነው።

ዕድሜም አለ። ፊት ማደጉን ሳይጨርስ አይሠራም፤ ለሴቶች ከ15 እስከ 16፣ ለወንዶች ከ17 እስከ 18 ዓመት ከሞላ በኋላ ነው የሚታሰበው። እንዲሁም ሰው የማያየውን እንከን ቀኑን ሙሉ በመስታወት ሲፈልግ የሚውል ሰው መጀመሪያ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ይኖርበታል። ይህ ስድብ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ጭንቀት አፍንጫው ተሠርቶም አይለቅም፣ ቀጥሎ ሌላ እንከን ይፈልጋል።

ከአራት ሳምንት በፊት ጀምሮ

ሲጋራ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ መቆም አለበት፤ ከዚያም በኋላ 4 ሳምንት። ኒኮቲን ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ አፍንጫው ሲከፈት ደግሞ የጫፉ ቆዳ የሚኖረው በእነዚያ ጥቂት ሥሮች ነው። ደም ያጠረው ቆዳ ይጠቁራል፣ ይሞታል። ሺሻም፣ የኒኮቲን ማስቲካም፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። በአፍንጫ የተሳበ ዕፅ ካለ ደግሞ አይደብቁ፤ መካከለኛው ግድግዳ ተበልቶ ወይም ተበስቶ ሊሆን ስለሚችል የሥራው ዕቅድ ሁሉ ይለወጣል።

አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቀድመው ይቆማሉ። የቫይታሚን ኢ እንክብል፣ የዓሣ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብል፣ ጊንኮና ጂንሰንግም እንዲሁ፤ «ተፈጥሯዊ» ስለሆኑ ብዙ ሰው መድኃኒት አይላቸውምና ሲጠየቅ ይዘላቸዋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለልብ ወይም ለደም መርጋት የታዘዘለት ሰው ግን በራሱ እጅ አያቁም። ያዘዘለት ሐኪምና ቀዶ ሐኪሙ ይነጋገሩ። ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚወስዱ ከሆነም ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ይናገሩ።

ቤት ውስጥ አስቀድመው የሚያዘጋጁት ብዙ አይደለም፦ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ልብስ (በራስ ላይ የሚጠለቅ ሹራብ አፍንጫው ላይ የሚለጠፈውን መደገፊያ ይነካል)፣ ሁለት ሦስት ተጨማሪ ትራስ፣ ፓራሲታሞል፣ የጨው ውኃ የአፍንጫ መርጫ፣ የከንፈር ቅባት። የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። ሌሊቱን በአፍ ሲተነፍሱ ያድራሉና ከንፈር ይሰነጠቃል።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት

ደረቅ ምግብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል፤ የማደንዘዣ ባለሙያው ሌላ ካለ የእሱን ይከተሉ። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ማደንዘዣ ነው። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል፤ እርማት ከሆነ ወይም ከጎድን ካርቲሌጅ ከተወሰደ ይበልጣል።

ከተኙ በኋላ አፍንጫው ውስጥና ዙሪያ ሊዶካይን የተባለ ቦታውን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከአድሬናሊን ጋር ይወጋል፤ አድሬናሊኑ በ1:100,000 መጠን ተቀላቅሎ ነው። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፤ የደም ሥሮቹ ሲጠቡ ቆዳው ይነጣል። የሚቸኩል ሐኪም ቀሪውን ሰዓት ደም ሲያደርቅ ያሳልፋል። ቀጥሎ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ባለችው ጠባብ ቆዳ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆን፣ ቀጥ ያለች ያልሆነች፣ የተገለበጠ ቪ ወይም የደረጃ ቅርጽ ያላት መስመር ትቆረጣለች። ቅርጹ እንዲህ የሚሆነው ጠባሳው ሲደርቅ እንዳይጎትትና እንዳይታይ ነው። ቆዳው ከካርቲሌጁና ከአጥንቱ ላይ ይነሣል።

አጥንቱ ሲጋለጥ ፒዬዞው ይገባል። መጀመሪያ ሞረድ መሰሉ ምላስ ጉብታውን ጥቂት በጥቂት ይፍቃል፤ ከሥሩ ያለው ካርቲሌጅ ሲታይ እሱ በቢላ ይስተካከላል። ጉብታ ሲነሣ የአፍንጫው ጀርባ ጣሪያው እንደተገለጠ ቤት ክፍት ይሆናል። ክፍተቱን ለመዝጋት ሐኪሙ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የታጠፉትን መጋዞች እየቀያየረ በጎን ያሉትን አጥንቶች ከጉንጩ አጠገብ፣ ከላይም በአግድም ቆርጦ ወደ መካከል ያስጠጋቸዋል። አንዳንዱ ሐኪም የጀርባውን ጣሪያ ሳይነካ ከሥሩ ቀንሶ አፍንጫውን እንዳለ ዝቅ የሚያደርግበት መንገድ አለ፤ ለሁሉም ጉብታ ግን አይሆንም።

መካከለኛው ግድግዳ ከተጣመመ በዚሁ ጊዜ ይቃናል። ካርቲሌጅ ከእሱ ሲወሰድ ከላይና ከፊት ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የኤል ቅርጽ ደጋፊ መቅረት አለበት፤ ከዚያ ካነሰ አፍንጫው ከጊዜ በኋላ ይሰምጣል። በመጨረሻ ጫፉ በክር ይቀረጻል፣ ቆዳው ይሰፋል፣ ከላይ የፕላስቲክ ወይም የጄሶ መደገፊያ ይለጠፋል። ግድግዳው ከተነካ በውስጥ በኩል ቀጫጭን የሲሊኮን ዝርግ ሊገባ ይችላል።

የመጀመሪያው ሳምንት

ሰው የሚፈራው ሕመሙን ነው፤ የሚያስቸግረው ግን መታፈኑ ነው። አፍንጫው በደም ቅርፊትና በእብጠት ይዘጋል፣ አፍ ይደርቃል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል። ሕመሙን አብዛኛው ሰው በፓራሲታሞል ይችለዋል፦ ክብደቱ ከ50 ኪሎ በላይ ለሆነና ጉበቱ ደኅና ለሆነ አዋቂ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳይበልጥ። ዕለቱን ማቅለሽለሽና ቡና የመሰለ ጥቁር ትውከት ቢመጣ አይደንግጡ፤ በሥራው ጊዜ የተዋጠ ደም ነው። ደማቅ ቀይ ከሆነና ከቀጠለ ግን ይደውሉ።

ጭንቅላትዎን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ አድርገው፣ በጀርባዎ ይተኙ፤ ይህ ለ2 ሳምንት ነው። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ዐይንና ጉንጭ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይያዝ፣ ይነሣ፣ ይደገም። መደገፊያው ላይ አይቀመጥም፤ ክብደቱ አዲስ የተቆረጠውን አጥንት ይገፋል፣ እርጥበቱም ሙጫውን ያላቅቃል። መበለዙና እብጠቱ የሚብሰው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው። በመስታወት ሲታይ ከትናንት የከፋ ነገር ማየት ያስደነግጣል እንጂ ሒደቱ ነው። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ቢጫ ሆኖ ይጠፋል፤ በፒዬዞ ከተሠራ ቀደም ሊል ይችላል።

አፍንጫ መናፈጥ ለ2 እስከ 3 ሳምንት ክልክል ነው። ማስነጠስ ከመጣ አፍን ከፍቶ፤ አፍኖ መያዝ ግፊቱን በሙሉ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። የጨው ውኃውን በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይርጩ። ስፌቱ ላይ የሚደርቀውን ቅርፊት በጨው ውኃ በራሰ የጥጥ እንጨት አለስልሰው ይጥረጉ፣ የታዘዘልዎትን ቅባት ስስ አድርገው ይቀቡ። ቅርፊቱ በጥፍር ከተነሣ ስፌቱ ይከፈታል፤ ጠባሳ የሚጎላው በአብዛኛው በዚህ ነው። ጎንበስ ብሎ ዕቃ ማንሣት፣ ሽንት ቤት ማማጥ፣ ፊትን በሙቅ ውኃ መታጠብ ሁሉም ደም ወደ አፍንጫ ይገፋሉ። በእግር መሄድ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይፈቀዳል፤ እንዲያውም በእግር ደም እንዳይረጋ ይረዳል።

መደገፊያው የሚነሣበት ቀን

ከ5 እስከ 8 ባለው ቀን ነው፤ የውጩ ስፌትም በዚያው ሰሞን ይወጣል። ቀለል ያለ ነገር በልተው ይሂዱ። አንዳንዱ ሰው የሲሊኮን ዝርጉ ሲሳብ ወይም መደገፊያው ሲላቀቅ ራሱን ይስታል፤ ከሕመሙ ይልቅ ድንጋጤው ነው፣ ተኝቶ ማስነሣት ይበቃል።

ከሥሩ የሚያዩት ቆዳ ቅባታም፣ የሞተ ቅርፊት የለበሰ፣ ብጉርም የወጣበት ሊሆን ይችላል። አፍንጫው ከፊት ሲታይ ሰፊ ነው፣ ጫፉ ወደ ላይ ተሰቅሏል፣ ሁለቱ ጎኖች አይመሳሰሉም። የአሳማ አፍንጫ መሰለብኝ ብሎ ያለቀሰ ታካሚ ብዙ ነው። ጫፉ በቀጣዮቹ ሳምንታት ይወርዳል፤ ሐኪሙ ያን አስቦ ነው ትንሽ ከፍ አድርጎ የሚተወው። መደገፊያው እንደተነሣ ተጭኖ የቆየው እብጠት በሰዓታት ውስጥ መልሶ ስለሚሞላ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ያዩትና ማታ ቤት የሚያዩት አፍንጫ አንድ አይሆንም። የላይኛው ከንፈር ደንዝዞ ፈገግታ መገተሩ ከሳምንታት በኋላ ይለቃል፤ የጫፉ መደንዘዝ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት

መነጽር ለ4 እስከ 6 ሳምንት አፍንጫ ላይ አያርፍም። ያለ መነጽር የማያይ ሰው ግንባሩ ላይ በፕላስተር አንጠልጥሎ ይይዘዋል ወይም የዐይን ሌንስ ያደርጋል። ቀላል እንቅስቃሴ በ2 እስከ 3 ሳምንት፣ ክብደት ማንሣትና ሩጫ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። ኳስ፣ ቦክስና ሰው የሚገፋበት ጨዋታ ሁሉ ቢያንስ 3 ወር ይቆያል፤ አንዳንዱ ሐኪም 6 ይላል። በፒዬዞ የተቆረጠ አጥንት ንጹሕ መስመር ስላለው ቶሎ ይጠነክራል ብሎ ከዚህ መቀነስ አይገባም። በአውሮፕላን ለመጓዝ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይጠበቃል። የመከላከል መጠኑ (SPF) ከ30 በታች ያልሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለ6 ወር ይቀባል፤ የበለዘ ቆዳ ፀሐይ ከመታው የጠቆረበት ይቀራል።

እብጠቱ ከላይ ወደ ታች ይለቃል። አጥንቱ አካባቢ በወራት ውስጥ ቀጥ ይላል፤ ከጫፉ በላይ ያለው ቦታ እስከ 12 ወር፣ በወፍራም ቆዳ እስከ 18 ወርና ከዚያ በላይ ይቆያል። አልትራሶኒክ ይህን ጊዜ አያሳጥረውም፤ የጫፉ እብጠት ከአጥንቱ አይመጣምና። ጨው የበዛበት እራት የበላ ሰው ጠዋት አፍንጫው ወፍሮ ይነሣል፣ ከሰዓት ይቀንሳል። በየቀኑ ፎቶ ማንሣት የሚያተርፈው ጭንቀት ነው፤ በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ርቀት ይበቃል፤ ስልኩን ፊት ላይ አስጠግቶ ማንሣት አፍንጫን ያገዝፋል። እብጠቱ ከጫፉ በላይ ጉብ ብሎ ከቀረ ሐኪሙ በማታ ፕላስተር መለጠፍን ሊያዝ ወይም እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ የሆነውን ትራያምሲኖሎን ጥቂት ሊወጋ ይችላል። መርፌው ከበዛ ቆዳውን ያሳሳል፤ በየሳምንቱ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ሲበላሽ

አንድን ነገር ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ማሳየት ያስፈልጋል፦ በመካከለኛው ግድግዳ ውስጥ የተጠራቀመ ደም። ምልክቱ እየጨመረ የሚሄድ መታፈን፣ ሲነኩት የሚያምና የሚወጥር ስሜት፣ ወደ ውስጥ ሲታይ ከግድግዳው ላይ ያበጠ ወይን ጠጅ ለስላሳ ነገር ነው። ካርቲሌጅ የራሱ ደም ሥር የለውም፤ የሚኖረው ከላዩ ካለው ሽፋን እየተመገበ ነው። ደም ሁለቱን ከለያያቸው ካርቲሌጁ በቀናት ውስጥ ይሞታል፣ አፍንጫውም እንደ ኮርቻ ይሰምጣል።

መድማት ከመጣ ቁጭ ይበሉ፣ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ፣ ደሙን አይዋጡ። አጥንቱን በጣት አይጨብጡ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ካልቆመ ወይም ከመጀመሪያው በብዛት የሚወርድ ከሆነ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ መግል፣ ድንገት የተለወጠ እይታ፣ አንገት ሲያጎነብሱ ከአንድ ቀዳዳ የሚንጠባጠብ ጨዋማ ንጹሕ ውኃ፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና ማመም፣ የትንፋሽ ማጠር ሁሉም ለነገ አይቆዩም። አፍንጫው በጎዝ ታሽጎ ሳለ ትኩሳትና የቆዳ ሽፍታ ከመጣ ጎዙ ወዲያው መውጣት አለበት።

ቀስ ብለው የሚታዩት ስሕተቶች ሌላ ናቸው። ከፊት ሲታይ በአጥንቱና በካርቲሌጁ መገናኛ ላይ የተገለበጠ ቪ የመሰለ ጥላ ከታየ፣ የጎን ካርቲሌጆቹ ድጋፍ አጥተው ወደ ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ትንፋሽም አብሮ ይጠባል። የጀርባው ጠፍጣፋነት ክፍተቱ በደንብ አለመዘጋቱን ያሳያል። ጉብታው ከመጠን በላይ ተወስዶ የጎደጎደ ጀርባ ደግሞ የሐኪሙ እጅ እንጂ የመሣሪያው ጥፋት አይደለም፤ ፒዬዞ ጥቂት በጥቂት ስለሚወስድ ለማቆም ጊዜ ይሰጣል፣ የት ማቆም እንዳለበት ግን አይነግርም። አጥንቱ ከሁሉም አቅጣጫ ከቆዳም ከሽፋንም ተላቆ ከተቆረጠም የሚይዘው አጥቶ ይዋልላል። ሰፊ የማንሣቱ መጥፎ ጎን ይህ ነው።

እርማት የሚታሰበው 12 ወር ከሞላ በኋላ ነው፤ ወፍራም ቆዳ ከሆነ ከዚያም ይዘገያል። በእብጠት ላይ የሚሠራ ሐኪም የሚያርመው እብጠቱን ነው፤ ጠባሳው ሳይለሰልስም ቆዳውን ማንሣት የደም ሥሮቹን ይጎዳል። እስከዚያ ድረስ የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ሙሉ ዘገባ ከሐኪሙ ተቀብለው ያስቀምጡ፦ ካርቲሌጅ ከየት እንደተወሰደ፣ ከግድግዳው ምን ያህል እንደቀረ፣ አጥንቱ በየትኛው መስመር እንደተቆረጠ የሚናገር። ሁለተኛው ሐኪም አፍንጫውን ከመክፈቱ በፊት ከፎቶዎቹ ሁሉ አስቀድሞ ማንበብ የሚፈልገው እሱን ነው።